በባሌ ደጋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ኢንሂቢተር ስዊች ብልሽት፦ ከመለወጥም «ዳይሬክት» ከማድረግም በፊት መለካት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የሚገኘው ኢንሂቢተር ስዊች ሲበላሽ ብልሽቱ እንዴት እንደሚለይና እንደሚጠገን ያብራራል። ዓላማው በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባለው ደጋ ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች የሚስማማ፣ በልኬት ላይ የተመሠረተ የምርመራ ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው። ጽሑፉ ሁለት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛ፣ ስዊቹ ጭነት ባለበት ሁኔታ ሳይለካ ደኅና ነው ወይም ተበላሽቷል ሊባል አይገባም። ሁለተኛ፣ ሽቦ አገናኝቶ ስዊቹን ማለፍ አደጋውን ከማስነሻው ወደ ቁልቁለቱ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም።

ቁልፍ ቃላት፦ ኢንሂቢተር ስዊች፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የቮልቴጅ ቅናሽ፣ የባሌ ደጋ

1. መግቢያ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴ አምባ በቱሉ ዲምቱ ተራራ (4,377 ሜትር) አጠገብ አቋርጦ፣ በሐረና ደን በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ደሎ መና ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ውርጭን፣ ጭቃንና ሙቀትን ያፈራርቃል። በባሌ ደጋ ዝናቡ ገናና ቦና በሚባሉት ሁለት የሰብል ወቅቶች የሚከፈል በመሆኑ፣ ከተሽከርካሪ ሥር የሚገኙ የኤሌክትሪክ ክፍሎች ለእርጥበት የሚጋለጡበት ጊዜ ረጅም ነው።

ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ለረጅም ዓመታት ማገልገላቸው አይቀርም። ያረጁ ክፍሎችን በትክክል መርምሮ የመጠገን ዕውቀት ከመለዋወጫ እኩል ዋጋ የሚሰጠው ይሆናል።

2. የስዊቹ አሠራር

ኢንሂቢተር ስዊች በካምቢዮው ጎን፣ የማርሽ ዘንጉ ከካምቢዮው በሚወጣበት ቦታ ላይ ይታሰራል። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል። ኒሳንና ሚትሱቢሺ በአብዛኛው ኢንሂቢተር ስዊች ሲሉት፣ ቶዮታ በቀደሙት መኪኖቹ ኒውትራል ስታርት ስዊች፣ በኋለኞቹ ደግሞ ፓርክ ኒውትራል ፖዚሽን ስዊች ይለዋል። ሥራው ሦስት ነው፤ ማስነሻው በፒ (ማቆሚያ) እና በኤን (ነጻ ማርሽ) ብቻ እንዲሠራ ይፈቅዳል፣ በአር (የኋላ ማርሽ) የኋላ መብራቶችን ያበራል፣ እንዲሁም መሪው በየትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ ለካምቢዮው ኮምፒውተር ያሳውቃል።

የመጀመሪያው ተግባር የደኅንነት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 102፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አውቶማቲክ መኪና በወደፊት ወይም በኋላ ማርሽ ላይ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሳ ያስገድዳል። ምክንያቱም ማርሽ ላይ ሳለ የሚነሳ መኪና ነጂው ሳያስበው ሊንቀሳቀስ ስለሚችል ነው።

3. የምርመራ ቅደም ተከተል

ከምርመራው በፊት መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸዋል፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል። ከፊቱም ከኋላውም ሰው እንዳይቆም ያስፈልጋል።

ሀ) ምልክቱን መለየት። ቁልፉ ሲዞር ዳሽቦርዱ በደንብ በርቶ ከሞተሪኖው ምንም ድምፅ ካልተሰማ፣ የማስነሻ ትእዛዙ መንገድ ላይ ተቋርጧል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በተቃራኒው ፈጣን የቀጭታ ድምፅ ከተሰማና መብራቱ ከደበዘዘ፣ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ይዞራል። በሮቤ ብርዳም ማለዳ ሁለቱን አለመለየት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ኃይል በብርድ ጊዜ በግልጽ ይቀንሳልና።

ለ) ባትሪውን ማጣራት። ሙሉ ባትሪ ዕረፍት ላይ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ስዊቹን ከመንካት በፊት ባትሪው፣ ተርሚናሎቹና የማሳ ገመዱ ሊታዩ ይገባል።

ሐ) በፒ እና በኤን መሞከር። በኤን ተነሥቶ በፒ የማይነሳ፣ ወይም መሪው ትንሽ ሲነቀነቅ ብቻ የሚነሳ መኪና፣ ስዊቹ ከቦታው የተንሸራተተበት፣ የማርሽ ኬብሉ የላላበት ወይም የውስጥ ንኪው ያረጀበት ሊሆን ይችላል። ይህ ቀላል ሙከራ ባትሪውንና ሞተሪኖውን ከተጠርጣሪነት ነጻ ያወጣል። በአዝራር በሚነሱ መኪኖች የፍሬን ፔዳል ስዊቹም በዚሁ ደረጃ ይታያል።

መ) የኋላ መብራትና የብልሽት ኮድ። ቁልፉ ተከፍቶ መሪው አር ላይ ሲሆን የኋላ መብራቱ ካልበራ ወይም በሌላ ማርሽ ከበራ፣ ማስረጃው ይጠናከራል። በስካነር ፒ0705 የማርሽ ጠቋሚ ሰርኪት ብልሽትን፣ ፒ0706 ደግሞ የዚሁ ሰርኪት ምልክት ከሚጠበቀው ውጭ መሆኑን ያመለክታሉ። ኮዱ ሰርኪቱን እንጂ ስዊቹን ብቻ አይከስስም፤ የተበላ ሽቦም ሆነ ውኃ የገባው ሶኬት ተመሳሳይ ኮድ ያስመዘግባል።

ሠ) ጭነት ባለበት መለካት። የምርመራው ወሳኝ ደረጃ ይህ ነው። ኦሜትር በስዊቹ ውስጥ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የዛገ ንኪን ደኅና አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ ስዊቹ የሞተሪኖውን ሶሌኖይድ በቀጥታ በሚመግብበት መኪና 10 አምፔር ያልፋል እንበል። በንኪው ላይ 0.3 ኦም ብቻ ቢጨመር የሚጠፋው 10 × 0.3 = 3 ቮልት ነው። 0.3 ኦም ግን ከመለኪያው ገመዶች የራሳቸው ሬዚስታንስ የማይለይ መጠን ስለሆነ፣ መልቲሜትሩ «ተያይዟል» ብሎ ይጮኻል።

ስለዚህ ረዳት ቁልፉን በማስነሻ ቦታ ይዞ ሳለ፣ መልቲሜትሩ በስዊቹ መግቢያና መውጫ መካከል ይደረጋል። በጤናማ ስዊች ላይ የሚታየው ቅናሽ ከ0.3 ቮልት ገደማ አይበልጥም። ውጤቱ እንዲህ ይተረጎማል፤ መግቢያው ደካማ ከሆነ ችግሩ ከስዊቹ በፊት (ቁልፉ፣ ፊውዙ፣ ሽቦው) ነው። መግቢያው ጤናማ ሆኖ መውጫው ከወረደ ችግሩ ስዊቹ ነው። ሁለቱም ጤናማ ከሆኑ ችግሩ ከስዊቹ በኋላ (ሪሌው፣ ሞተሪኖው) ነው። በአንዳንድ መኪኖች ስዊቹ የሚገኘው በሪሌው የማሳ ወገን በመሆኑ፣ የመኪናው የሽቦ ሥዕል ሳይታይ ልኬቱን መተርጎም አይገባም።

4. ጥገናና ማረጋገጫ

የባትሪው አሉታዊ ገመድ ከተፈታ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ሶኬቱ ነው። አረንጓዴ ዝገት ወይም ውኃ ከተገኘ በኤሌክትሪክ ንኪ ማጽጃ ተጠርጎ ይደርቃል፤ የተቀደደ የጎማ ማሸጊያ ይለወጣል። ንኪውን በተራ ግራሶ መሙላት ግን አይመከርም፤ አቧራ ይይዛል፣ የማይፈለግ መጋረጃም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የስዊቹ አቀማመጥ ይስተካከላል። መሪው ኤን ላይ ይደረጋል፣ የስዊቹ ብሎኖች ይላላሉ፣ ምልክቶቹ ይገጣጠማሉ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች የዘንጉ ጎድጓዳ መስመር በስዊቹ ላይ ካለው የኤን መስመር ጋር ይገጥማል፤ በሚትሱቢሺና በኒሳን ደግሞ በማርሽ ክንዱና በስዊቹ አካል ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አንድ ላይ ሲሆኑ ቀጭን ፒን ያሳልፋሉ። ብሎኖቹ ትናንሽ ስለሆኑ በጉልበት ማጥበቅ ጥርሳቸውን ይበላል፤ በማኑዋሉ ልክ መታሰር አለባቸው። የማርሽ ኬብሉ ልል ከሆነ ደግሞ ስዊቹ ቢስተካከልም ምልክቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ኬብሉ አብሮ ይፈተሻል።

ከጽዳትና ከማስተካከል በኋላ የቮልቴጅ ቅናሹ ካልተወገደ ስዊቹ ይለወጣል። የታሸገ ስዊች ከፍቶ ንኪዎቹን መጥረግ ከተማ ለመድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ ማሸጊያው አንዴ ከተከፈተ ግን እርጥበት በቀላሉ ይመለሳል።

ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው፣ መኪናው በፒ እና በኤን መነሣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ፍሬን ተረግጦ ሲሞከር በአር እና በዲ አለመነሣቱ ሲረጋገጥ ነው። የኋላ መብራቱ በአር ብቻ መብራት፣ በስካነሩ የሚታየው ማርሽም ከመሪው ጋር መስማማት አለበት።

5. ውይይት

በጋራዥ አነጋገር «ዳይሬክት ማድረግ» የሚባለው ልማድ፣ በስዊቹ ፈንታ ሁለቱን የማስነሻ ሽቦዎች ማገናኘት ነው። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ መለዋወጫ ለሚጠብቅ ባለመኪና መፍትሔው የሚያጓጓ መሆኑ አያስገርምም። ሆኖም ሁለት ጉዳት አለው። መኪናው በዲ ላይም እንዲነሳ ያደርጋል። በተጨማሪም የሚታለፈው የማስነሻ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ለካምቢዮው ኮምፒውተር የሚላከው የማርሽ ምልክት እንደተበላሸ ይቀራል። በኤሌክትሮኒክስ በሚመራ ካምቢዮ ነጂው ዝቅተኛ ማርሽ ሲመርጥ ኮምፒውተሩ ካላወቀው፣ ሞተሩ ፍጥነትን የመግታት ሥራውን ላያከናውን ይችላል። ከሳነቴ ወደ ሐረና በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ይህ ማለት ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ይግላል ማለት ነው።

ለቀጣይ ጥናት አንድ መላምት ማቅረብ ይቻላል። የአየር ግፊት በ4,000 ሜትር ከፍታ 62 ኪሎ ፓስካል፣ በ1,300 ሜትር ደግሞ 87 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ማሸጊያው ባረጀ ስዊች ውስጥ ያለው አየር በከፍታው ላይ ከውጭው ጋር ከተመጣጠነ በኋላ መኪናው ሲወርድ፣ እስከ 25 ኪሎ ፓስካል የሚደርስ ልዩነት እርጥበትን ወደ ውስጥ ሊገፋ ይችላል። የጋለ ስዊች በውኃ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር መኮማተሩም ይህንኑ ያግዛል። በሮቤና በጎባ ጋራዦች የሚለወጡ ስዊቾችን ሰብስቦ የንኪዎቻቸውን ዝገትና መኪኖቹ የሚመላለሱባቸውን መስመሮች ማነጻጸር፣ በአነስተኛ ወጪ ሊከናወን የሚችል የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ይሆናል።

6. ማጠቃለያ

የማስነሻ ዝምታ ሁሉ የስዊች ብልሽት አይደለም፤ የስዊች ብልሽት ሁሉም መለወጥን አይጠይቅም። በፒ እና በኤን መሞከር፣ ባትሪውን ማጣራትና ጭነት ባለበት የቮልቴጅ ቅናሽን መለካት፣ አንድ መልቲሜትርና አንድ ረዳት ባሉበት ጋራዥ ሁሉ ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው። በደጋው መንገድ ላይ የዚህ ምርመራ ፋይዳ ወጪን ከመቆጠብ ያልፋል፤ መኪናው በሳነቴ ቁልቁለት ላይ ነጂው የመረጠውን ማርሽ በትክክል እንዲያውቅ ያደርጋልና።