የጅግራ አዳኝ የት ይደር?

ጥያቄ፦ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው በስምጥ ሸለቆ ቆላ ጅግራ ሲያድን ድንኳኑን የት ይትከል? ሥጋውንስ እንዴት ያሳድር?

መልስ፦ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ለመኝታ ምቹ ቢመስልም፣ በደጋው የጣለ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ሰማዩ በጠራበት ቆላ ድንገት ሊደርስ ስለሚችል፣ ድንኳን ከወንዙ ርቆ ከፍ ባለ ደልዳላ መሬት ላይ ሊተከል ይገባል። ጅግራ ቀን መሬት ላይ ስትለቅም ውላ ሲመሽ ዛፍ ላይ የምትሰፍር ወፍ በመሆኗ፣ መንጋው ከሚያድርባቸው ግራሮች መራቅም ያስፈልጋል፤ በማደሪያቸው ላይ መተኮስ ከቶ የሚደገፍ ተግባር አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ሥጋው ነው፤ የወፍ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሆነ፣ የሆድ ዕቃዋ ወዲያው ካልወጣና ነፋስ በሚያገኘው ከፍ ያለ ቦታ ተሰቅላ ካልቀዘቀዘች ሥጋዋ ሳይነጋ ሊበላሽ ይችላል፤ የወጣው የሆድ ዕቃ ደግሞ ጅብ እንዳይስብ ከድንኳኑ ርቆ በጥልቅ ይቀበራል።