ቤቱን የቃኘ ሰው

ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ መልእክት ሲመጣ ያየ የአዲስ አበባ ሰው «የነፋስ ስልክ» ብሎ ጠራው። መሣሪያውን የሚያስታውስ ዛሬ ብዙም የለም፤ ስሙን ግን የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ ይጠሩታል። እኔ በሰፈሩ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፦ በነፋስ የመጣ መልእክት ተቀባይ ካጣ ነፋስ ሆኖ ይቀራል።

ጎፋ፣ መካኒሳ ወይም ላፍቶ ውስጥ በማለዳ ብትወጡ ኪዳን አድርሰው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ከዘራቸውን ይዘው የሚመለሱ አንድ አባት አታጡም። የልጅ ልጆቻቸው «አባባ» ይሏቸዋል። ለበዓል ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ይሰካሉ። እኛም «እንደምን አደሩ» ብለን እንቸኩላለን። ታሪካቸው ተቀባይ እንዳያጣ ዛሬ ቆም እንበልና ከእነዚህ አባቶች መካከል ኮሪያ የዘመቱትን እናስታውስ።

በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮሪያ ተጓዘ። «ቃኘው» የአድዋው ዘማች የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። ተራ በተራ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። ከእነርሱ የተማረከ ግን አንድም የለም።

«ቃኘ» የሚለውን ቃል እስቲ ልብ በሉት። ወታደር ከፊቱ ያለውን ጋራ ይቃኛል። ክራር መቺም ክሩን ይቃኛል፤ የረገበውን ያጠብቃል፣ ከልክ በላይ የጠበቀውን ያረግባል። ዘማቹ ጋራ ቃኝቶ ሲመለስ ቤት ውስጥ የጠበቀው ይህ ሁለተኛው ቅኝት ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ለቤታችን የምንወስደው ሦስት ነገር አለ።

የመጀመሪያው፣ ሰው አለመተው ነው። የቃኘው ዘማቾች የወደቀ ጓዳቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ባለመመለስ ይታወቃሉ። እናንተም ማታ ገበታ ስትቀርቡ ቤታችሁን ቁጠሩ። ካኮረፈ ዓመት የሞላው ወንድም አለ? ከፋሲካ ወዲህ ያልተደወለላት አክስትስ? ዛሬ አንዱን ብቻ ጥሩ። ቤት የሚቃኘው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ክር በአንድ ምሽት ነው።

ሁለተኛው ካለው ማካፈል ነው። ዘማቾቹ በዶንግዱቾን ከተማ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ሰብስበው፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ ማሳደጊያ ከፍተውላቸዋል። ገና ወጣት ሳሉ በሰው አገር አባት ሆኑ። «ትንሽ ልደራጅና ቤተሰቤን እረዳለሁ» የምትሉ ካላችሁ ይህን አስቡ። አባትነት ኪስ እስኪሞላ ተጠብቆ የሚያዝ ሹመት አይደለም።

ሦስተኛው ረጅሙን መንገድ መቻል ነው። ማሞ ወልዴ ኮሪያ ከዘመቱት አንዱ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። በማራቶን ወርቅ ያገኘው በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ በ36 ዓመቱ ነው። በ40 ዓመቱ ደግሞ ሙኒክ ላይ ነሐስ ጨመረ።

ሜዳሊያ የሌለው ረጅም መንገድም ነበር። ደርግ መጥቶ አገሪቱ ወደ ሶሻሊዝም ስታዘነብል ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተዋጋ ሰው የሚመሰገንበት ጊዜ አለፈ። ብዙዎቹ ስለ ዘመቻው ዝም አሉ። ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም። ልጅ አሳደጉ፣ የትምህርት ቤት ወጪ ቻሉ፣ ዕድራቸው ውስጥ ድንኳን ተከሉ። ለጦር ሜዳው ኒሻን ነበረው፤ ለሠላሳ ዓመት በማለዳ ተነስቶ ለልጅ እንጀራ መውጣት ግን ማንም ኒሻን አልሰጠበትም። ያን ኒሻን የምንሰጠው እኛ ነን።

ኮሪያ ሲዘምት 20 ዓመቱ የነበረ ወጣት ዛሬ ከ90 አልፏል። ስለዚህ ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሮ ያዙ። ቡና ይፈላ፤ በርጩማ ሳቡና ከአባባ አጠገብ ተቀመጡ። አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» አትበሏቸው፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ጥያቄ አፍ ያስይዛል። «መርከቡ ላይ ምን በሉ?»፣ «ደብዳቤ ለማን ይጽፉ ነበር?»፣ «ሲመለሱ በር ላይ የተቀበለዎት ማን ነው?» በሏቸው። የጓድ ስም ሲጠሩ ሳታቋርጡ ጻፉት። አባባ አልፈው ከሆነም ሙት ዓመታቸው ላይ ለዝክር የመጣውን ሁሉ ስለ እርሳቸው አንድ አንድ ነገር አስወሩት፤ ያንንም ጻፉት።

በአቦሉ «ተዉት ልጆቼ፣ ያለፈ ነው» ይሉ ይሆናል። አትነሱ። ቶናውን ቅዱላቸው። በረካው ሲቀርብ መርከቡ ከጅቡቲ ተነስቶ ይሆናል።