ጫላና በለጠ ሞክሼ ናቸው

የዛሬው የትምህርት አምዳችን ስለ ስም ነው።

ጫላና በለጠ አንድ ዴስክ ላይ ቢቀመጡ ሞክሼ ናቸው ብሎ ማን ያስባል? ግን ናቸው! ጫላ በአፋን ኦሮሞ «የሚበልጥ» ማለት ነው። በለጠም ያው ነው። ጫልቱ ደግሞ የሴቷ ናት፣ «የምትበልጥ»። ገመቹና ደስታም እንደዚሁ ናቸው። ዝናብ እየጣለ የተወለደ ልጅ በኦሮሞ ቤት ሮባ፣ በአማራ ቤት ዘነበ ሊባል ይችላል። አብዲ፣ ተስፋዬና አማል ደግሞ ሦስቱም ተስፋ ናቸው፤ አማል ከዓረብኛ የመጣ ነው። እንደ አዳማ ከየአቅጣጫው ሰው በሚገናኝበት ከተማ እንዲህ ዓይነት ሞክሼ በየክፍሉ አይጠፋም። ፈልጉና እዩ።

ሁሉም ስም ግን የደስታ አይደለም። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉት ብዙ ጊዜ የሚወጡት ከልጁ በፊት ቤቱ ውስጥ ሰው ሲሞት ነው። ማስረሻ ማለት ሐዘኑን የሚያስረሳ ማለት ነው። ስለዚህ ልጁን «ምኑን አስረሳኸው?» እያሉ መቀለድ ደስ አይልም። እቤታቸው ምን እንደነበረ እኛ አናውቅም። ጫልቱንም «የገጠር ስም» እያሉ የሚያሾፉ አሉ። ትርጉሙን ቢያውቁ ይቀኑባት ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ስም እንሂድ። እኛ አገር በተለምዶ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ከስማችን ቀጥሎ የአባታችን፣ ከዚያ የአያታችን ስም ይመጣል። እናቶቻችንም አግብተው የሚጠሩት በገዛ አባታቸው ስም ነው። ውጭ አገር ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። የአርሲ በቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች። በእነሱ ልማድ ግን «ቱሉ» ትባላለች። ቱሉ እኮ አባቷ ናቸው! የሮጠችው ደራርቱ ናት፤ ትርጉሙም «ያበበች» ማለት ነው። ቱሉ ደግሞ ተራራ ነው። አበባና ተራራ አንድ ላይ፣ እንዴት ያምራል!

እንደ ገብረ ሥላሴ ያሉ ስሞች ሌላ ችግር አለባቸው። ሁለት ቃል ቢሆኑም አንድ ስም ናቸው፣ «የሥላሴ አገልጋይ»። ፎርም ላይ ከተነጣጠሉ ልጁ ገብረ፣ አባቱ ሥላሴ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይሄንን በደንብ አንብቡ። በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው በ«ሲ» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን ብዙ ሰው «ሲ» እና «ኤች» አድርጎ ይጽፈዋል። ቁቤ ደግሞ ድምፁ ሲረዝም ፊደሉን ይደግማል። ስለዚህ አንዷ ጫልቱ ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ልትመስል ትችላለች። ለፈተና ስትመዘገቡ ስማችሁ በልደት ካርዳችሁና በሪፖርት ካርዳችሁ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከተለያየ ጊዜው ሳያልፍ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ንገሩ።

ከተማም ሁለት ስም አለው፤ አዳማና ናዝሬት፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት፣ ባቱና ዝዋይ። እሱ ግን ለብቻው ሰፊ ስለሆነ ለሌላ እትም ይቆየን።

እስከዚያው ዛሬ ማታ እቤት «ስሜን ማን አወጣው? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቤተሰብ ካልፈቀደ አትጻፉ። የተፈቀደውን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።