የጀሞው ጓሮ ማንንም እንዳያገል

ጥያቄ፦ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች በብሎኮቻቸው መካከል አትክልት በጋራ ሊያለሙ አስበዋል። አረጋውያን፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱና ተከራዮችም እንዲሳተፉ ሥራው እንዴት ይቀናጅ?

መልስ፦ ከዘሩ በፊት ፈቃዱ ይቅደም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ተከራይ አባል ስላልሆነ የጓሮው መተዳደሪያ ደንብ ለእርሱም መደብና ድምፅ በግልጽ ሊሰጠው ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

ቀጥሎ ውኃው። ጀሞ የሚገኝበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለአትክልት እንግዳ አይደለም፤ የመካኒሳ፣ የፉሪና የሳሪስ አምራቾች በማኅበር ተደራጅተው ለከተማዋ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ነገር ግን ለመስኖ የሚውሉት የአቃቂ ወንዞች የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ ተመራማሪዎችም በእነርሱ በለሙ አትክልቶች ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ቅጠላ ቅጠሉ በተለይ ይበከላል። ስለዚህ የቧንቧ ውኃ፣ ወይም ክረምት ላይ ከጣሪያ በሮቶ የተጠራቀመ ዝናብ ይመረጥ።

ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ጎንበስ ማለት ለሚከብዳቸው እናቶች ይመቻል፤ ጉልበት እንዲገባ ከሥሩ ክፍት ከሆነ በዊልቸር ላለውም ይሆናል። መተላለፊያው ደልዳላ፣ ስፋቱም ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

አስተዳደሩን ሁሉም የሚያውቀው የዕድር አሠራር ያቃልለዋል፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተራ። መቆፈር የማይችል ችግኝ ያፈላል፣ ዘር ይመርጣል፣ መዝገብ ይይዛል፤ ድርሻው ግን እኩል ነው።