«ምነው ድምፅህ ጠፋ?» ስለ ሰው ድምፅ ኃይልና ትርጉም



ብዙ ጊዜ ያልተገናኘነው ወዳጅ ሲያጋጥመን «ምነው ድምፅህ ጠፋ?» ብለን እንጠይቃለን። ከሩቅ ስንደውልም፥ የምንነግረው ጉዳይ ባይኖረን እንኳ፥ «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» እንላለን። እነዚህ ከአፋችን የማይለዩ አነጋገሮች አንድ ትልቅ እውነት ይዘዋል፤ ይኸውም ሕዝባችን የሰውን ድምፅ ከሰውየው መገኘት ለይቶ የማያይ መሆኑ ነው። ድምፁ ከጠፋ ሰውየው ጠፍቷል፤ ድምፁ ከተሰማ ግን በአካል ቢርቅም አለ። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ድምፅ ምን እንደሆነና ድምፅን መስማት ምን ያህል ኃላፊነት እንደሆነ አብረን እንመልከት።

1. ድምፅ የሰው መለያ ነው

ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ በሚገኙት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል። በተራ ንግግር ጊዜ የጎልማሳ ወንድ አውታሮች በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ100 ጊዜ ጥቂት በለጥ አድርገው፥ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ይህንም ጉሮሮ፥ አፍና አፍንጫ መልክ ይሰጡታል፤ ምላስ፥ ጥርስና ከንፈር ቃል ያደርጉታል። የእያንዳንዱ ሰው አፈጣጠርና አነጋገር የተለያየ ስለሆነ በጨለማ እንኳ የምናውቀውን ሰው በድምፁ እንለየዋለን። ዐይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ያዕቆብን በዳሰሰ ጊዜ እጆቹ የዔሳው መሰሉት፤ ድምፁ ግን የያዕቆብ እንደሆነ ጆሮው ነግሮት ነበር (ዘፍ. 27)። የለበሰው ጠጉር አታለለ፤ ድምፁ ግን እውነቱን ተናገረ።

ሰው ይህን መለያ የሚማረው ገና ሳይወለድ ነው። ጽንስ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ይሰማል። ዲካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት አጠባባቸውን እንደሚለዋውጡ አሳይተዋል። ወንጌላዊው ሉቃስም የማርያም የሰላምታ ድምፅ በኤልሳቤጥ ጆሮ በተሰማ ጊዜ ሕፃኑ በማኅፀን ውስጥ በደስታ እንደዘለለ ይነግረናል (ሉቃ. 1፥44)።

2. ድምፅ በራያ ቆላ

ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ቆቦ የዞብልን ተራሮች በምሥራቅ እያየች በሰፊ የማሽላ ሜዳ መካከል ተቀምጣለች። በዚህ ምድር ድምፅ ብዙ ሥራ አለው። ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጩኸት ወፍ ይጠብቃሉ፤ ድምፃቸው ለቤተ ሰቡ የዓመት እንጀራ አጥር ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፥ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በራያ ቆቦ ሶለል ተብሎ ይከበራል። ዓመቱን ሙሉ በጓዳና በውኃ መንገድ የምትደክመው ልጅ በእነዚያ ቀናት በአደባባይ ትዘፍናለች፤ ታላላቆቿም ቆመው ይሰሟታል።

ደም የተቃቡ ወገኖች ሲኖሩ ደግሞ ዘወልድ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። በዚያ ሸንጎ የሰው ቃል ይመዘናል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ በሰው ፊት በድምፅ የተነገረ ቃል ወደ ተናጋሪው አይመለስም፤ ስለዚህም ያስራል። በምሥጢረ ንስሐ ኃጢአታችንን በልባችን አስበን ብቻ የማንተወው፥ በራሳችን አንደበት የምንናዘዘው፥ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። ሰው በድምፁ ሲናገር ራሱን አሳልፎ ይሰጣል።

3. ሰሚ ያጣ ድምፅ

ይሁን እንጂ ድምፅ ያለ ሰሚ ሙሉ አይሆንም። በአዲስ አበባ የታወቀው «እሪ በከንቱ» የተባለው ሰፈር ስሙ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። የእኛም ምድር ይህን መከራ ቀምሶታል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ በወሎ፥ በራያና ቆቦ አውራጃም ጭምር፥ ሲጸና ገበሬው ቤቱን እየተወ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ጩኸቱ ግን ለረጅም ጊዜ ታፍኖ ቆየ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ፤ ለብዙዎች ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላም፥ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፥ ከዚያው ከራያ ምድር የኮረም ረሃብተኞች ሥቃይ በዓለም ፊት ታየ። በሁለቱም ጊዜ የተራበው ሰው ድምፅ አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ የጎደለው ጆሮ ነበር።

ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ በመንገድ ዳር ሲጮኽ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታችን ግን ቆመ፥ አስጠራውም፥ ምን እንደሚፈልግም ጠየቀው (ማር. 10፥46-52)። ከፈውሱ በፊት የተደረገው ነገር መቆምና መስማት እንደሆነ ልብ እንበል።

4. አንድ እናት ያስተማሩኝ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ። በአዲስ አበባና በዐረብ አገሮች ያሉ ልጆች የወላጆቻቸውን ድምፅ ለወራት አጡ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግመኛ ወደ ከተማዋ ገባ፤ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስም ያ ዝምታ በብዙ ቤት ላይ ከብዶ ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ከቆቦ ተፈናቅለው ደሴ የገቡ አንዲት እናት አነጋገርሁ። ልጃቸው ቤት ለመጠበቅ ቀርቶ ነበር። በየቀኑ ይደውላሉ፤ የተቀዳ የሴት ድምፅ መስመሩ እንደማይሠራ በትሕትና ይነግራቸዋል። «ይህችስ ልጅ ምን በደለች፤ የልጄ ድምፅ አለመሆኗ ነው እንጂ» አሉኝ። እኔም ስለ ተስፋ የተዘጋጀ ምክሬን ጀመርሁ። እርሳቸው ግን እጄን ያዝ አድርገው «አባ፥ ምክሩ ይቆየኝ፤ ይስሙኝ ብቻ» አሉ። አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ሰማሁ፤ ስለ ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስኪመሽ ነገሩኝ።

ከወራት በኋላ መስመሩ ሲከፈት ልጁ ደወለ። «እማዬ» ብቻ ነው ያለው። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ መኖሩን፥ መራቡንና ማልቀሱን በአንድነት እንደሰሙ እኚህ እናት አጫወቱኝ። መግደላዊት ማርያምም በመቃብሩ አጠገብ ጌታን በዐይኗ አይታ አትክልተኛ መሰላት፤ በስሟ በጠራት ጊዜ ግን ዐወቀችው (ዮሐ. 20)።

5. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ቅዱስ አውግስጢኖስ መጥምቁ ዮሐንስ ድምፅ፥ ክርስቶስ ግን ቃል እንደሆነ ያስተምራል፤ ድምፅ ቃሉን ወደ ሰሚው ልብ ካደረሰ በኋላ ያልፋል፥ ቃሉ ግን ይኖራል። የመምህር አገልግሎትም እንዲሁ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ምልክት እስኪበጅለት ድረስ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ እየተላለፈ መቆየቱን እናስታውስ። ያን ሀብት ያቆየው የታመነ ድምፅና የታመነ ጆሮ ነው።

ስለሆነም፦

ሀ. ንባቡን አስቀድማችሁ በቤታችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ቅዱሳት መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያን ሲነበቡ የሚናገረው ክርስቶስ ራሱ እንደሆነ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. አስተምሯልና በችኮላ አታንብቡ።

ለ. ልጆችን በስማቸው ጥሩ፤ ሲናገሩም አታቋርጧቸው። ቀስ ብሎ የሚናገረውን ልጅ ታገሡት።

ሐ. ወደ ኀዘንተኛ ቤት ስትሄዱ ከመናገር በፊት ስሙ።

ለውይይት፦

1) በቁምስናችን ድምፁ የማይሰማ ማን ነው? ለምን?

2) በቤታችን የቁጣ ድምፅ ወይስ የመጥራት ድምፅ ይበልጣል?

3) በዚህ ሳምንት «ድምፅህ ጠፋ» ልንለው የሚገባን ሰው ማን ነው?

ለሦስተኛው ጥያቄ ስም ያገኘ ሁሉ ውይይቱ እንዳበቃ ሳይውል ሳያድር ይደውል፤ ወይም ደጁ ድረስ ይሂድ። በጎቹን በየስማቸው የሚጠራው መልካም እረኛ የምንሰማበትን ጆሮ ያድለን። አሜን።