የሆቴል ፍሳሽ መድረሻው የት ነው?

በፉሪም ሆነ በሰበታ ሆቴል ሲከፈት ለወጣቶች የሥራ በር ይከፈታል። ይሁን እንጂ የወጥ ቤቱ ቅባት፣ የልብስ ማጠቢያው ሳሙናና የመጸዳጃው ፍሳሽ ለዝናብ ውኃ በተሠራ ቦይ ከተለቀቁ መድረሻቸው ወንዝ ነው።

ፉሪ የምትገኘው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው። በዚሁ ተፋሰስ ታላቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ያለው ገበሬ በዚህ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ያለማል፤ አትክልቱም በገበያ በኩል ወደ ከተማው ማዕድ ይመለሳል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ነገር ግን አስቀድሞ መከላከል ይቀላል፦ የቅባት ማጥለያ ጉድጓድ ማሠራት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድን በወቅቱ ማስመጠጥ፣ የምግብ ትርፍራፊን ለመኖ ወይም ለብስባሽ መለየት።

ሰበካ ጉባኤያትም ድርሻ አላቸው። ቤት ወይም ቦታ ለሆቴል ሲያከራዩ እነዚህን ግዴታዎች በውሉ ውስጥ ያስፍሩ፤ አፈጻጸማቸውንም በየሩብ ዓመቱ ይመልከቱ። የታችኛውን መንደር ውኃ የሚያበላሽ የኪራይ ገቢ ልማት ሊባል አይችልምና።