ከቻይና የሥራ ባህል ምን ይወሰድ? የሃየር ኩባንያ ተሞክሮ

መግቢያ

የቻይና የኢንዱስትሪ ዕድገት በተነሣ ቁጥር የሠራተኛው ትጋት በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ትጋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለካው በሥራ ሰዓት ርዝመት ነው። ይህ ጽሑፍ የቤት ዕቃዎች አምራች የሆነውን የሃየር ኩባንያን ተሞክሮ መነሻ በማድረግ፣ ለሌሎች የሥራ ቦታዎች ትምህርት የሚሆነው የሰዓቱ ርዝመት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሥራ ባለቤትና ማብቂያ የሚሰጠው አሠራር መሆኑን ያመለክታል።

የሥራ ባለቤትነት

ዣንግ ሩይሚን እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ የቺንግዳኦን የፍሪጅ ፋብሪካ ሲረከቡ ድርጅቱ በዕዳ የተዘፈቀና ሥርዓት የጎደለው ነበር። በመጀመሪያ ካወጧቸው ደንቦች አንዱ በሥራ ክፍል ውስጥ መሽናትን የሚከለክል መሆኑ የሁኔታውን ክብደት ያሳያል። በ1985 አንድ ደንበኛ ባቀረበው ቅሬታ ምክንያት በመጋዘን ያለው ምርት ሲፈተሽ 76 ፍሪጆች ጉድለት ተገኘባቸው። ዕቃዎቹ ለሠራተኞች በቅናሽ ይሸጡ የሚል ሐሳብ ቢቀርብም፣ ሥራ አስኪያጁ ያመረቷቸው ሠራተኞች ራሳቸው በመዶሻ እንዲሰባብሯቸው አዘዙ።

ይህ ድርጊት ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ቆራጥነት ምሳሌ ነው። ዘላቂ ለውጥ ያመጣው ግን ከዚያ በኋላ የተዘረጋው ሥርዓት ነው። «የዕለቱ ሥራ በዕለቱ ይጠናቀቅ፤ የነገው ከዛሬው ይሻል» በሚለው መርሕ መሠረት፣ ከማሽን እስከ መስኮት መስታወት ድረስ ለእያንዳንዱ ነገር ኃላፊ ተመደበለት፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ውጤትም በየቀኑ ይመዘን ጀመር። በዚህም ጉድለት ሳይውል ሳያድር ይታወቃል፤ ተጠያቂውም አያሻማም።

አሠራሩ ባሕር ሲሻገር

በቺንግዳኦ ፋብሪካ ወለል ላይ ሁለት ትላልቅ የእግር ምልክቶች ተሥለው ነበር። በዕለቱ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሠራተኛ በፈረቃው ማብቂያ በምልክቶቹ ላይ ቆሞ በባልደረቦቹ ፊት ግለ ሂስ ያደርግ ነበር። ኩባንያው በ2000 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በካምደን ከተማ፣ ማምረት ሲጀምር ይኸው ልማድ ተቀባይነት አጣ፤ አሜሪካውያኑ ሠራተኞች እንደ ውርደት ቆጠሩት። አመራሩም ምልክቶቹን ሳያጠፋ ትርጉማቸውን ለወጠ፦ በላያቸው የሚቆመው በዕለቱ ብልጫ ያሳየ ሠራተኛ ሆነ፤ ልምዱንም ለሌሎች ያካፍል ጀመር። የዕለት ግምገማው ሲቀጥል ማሸማቀቁ ቀረ። ከዚህ የሚታየው ማሸማቀቅ የሥርዓቱ የግድ አካል አለመሆኑን ነው።

የሰዓት ጉዳይ

በቻይና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የተስፋፋው «996» የተባለው ልማድ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን መሥራትን ያመለክታል፤ በጠቅላላው 72 ሰዓት ነው። የአገሪቱ የሥራ ሕግ ግን የትርፍ ሰዓት ሥራ በወር ከ36 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ2019 ፕሮግራመሮች በበይነ መረብ ልማዱን ተቃወሙ፤ በነሐሴ 2021 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታወቀ። ስለዚህ ረጅሙን ሰዓት እንደ ቻይና የሥራ ባህል ዋና መለያ አድርጎ መቅዳት፣ በራሷ በቻይና የተወገዘውን መቅዳት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ቻይናውያን ባለሀብቶች ፋብሪካ በከፈቱባት በኢትዮጵያም ተግባራዊ ፋይዳ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። የሃየር ተሞክሮ እንደሚያመለክተው በዚህ ገደብ ውስጥ ሆኖ የሥራ ባለቤትን መለየት፣ ጉድለትን በዕለቱ ማረምና ውጤትን በግልጽ መመዘን ይቻላል። ከካምደን የሚወሰደው ትምህርት ደግሞ ቅድመ ሁኔታውን ያክላል፦ ከውጭ የሚመጣ አሠራር የሚጸናው የተቀባዩን ሠራተኛ ክብር ሲጠብቅ ነው።